ከክሩዘር ወርጄ ቪ-ስትሮም ላይ የወጣሁበት ዓመት

ዴንቨር ስኖር ስምንት ዓመት ሙሉ የነዳሁት ሞተር ሳይክል ክሩዘር ከሚባሉት ረጅምና ዝቅ ያሉ ሞተሮች አንዱ የሆነው ካዋሳኪ ቫልካን 900 ክላሲክ ነበር። 903 ሲሲ የሆነው ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ጥሩ ጉልበት ይሰጣል፤ መቀመጫው ከመሬት 68 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በቺንጋ ስለሆነ ካቴና የማጽዳትና ዘይት የመቀባት ሥራ የለበትም። በጣም እወደው ነበር፤ ዛሬም ክሩዘር የሚነዳን ሰው ተሳስተሃል የምልበት ምክንያት የለኝም። የለወጥኩት ወገቤ ስላስቸገረኝና ልሄድባቸው የምመኛቸው መንገዶች ጠጠር ስለሆኑ ነው።

ክሩዘር ላይ እግር ከዳሌ ቀድሞ ወደ ፊት ስለሚዘረጋ የላይኛው የሰውነት ክብደት በሙሉ በመቀመጫ አጥንትና በታችኛው ወገብ ላይ ያርፋል። ጉድጓድ ሲያጋጥም በእግር ተጭኖ ከመቀመጫ ብድግ ማለት ያስቸግራል፤ የኋላው አሞርዛተርም በዚህ ዓይነት ሞተሮች ላይ የሚጫወትበት ርቀት አጭር ስለሆነ የተረፈው ምት አከርካሪ ላይ ይደርሳል። ይህ የክሩዘር አሠራር ጠባይ እንጂ የአንድ አምራች ጉድለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ምንም አይሰማኝም ነበር፤ ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ ግን በየነዳጅ ማደያው እየቆምኩ ወገቤን ማሸት ጀመርኩ። መቀመጫውን አስቀየርኩ፣ የበግ ቆዳ አነጠፍኩበት፣ የጀርባ መደገፊያ አስገጠምኩ፤ ችግሩ የስፖንጁ ሳይሆን ጉልበትና ዳሌ የሚታጠፉበት ማዕዘን መሆኑ የገባኝ ይህን ሁሉ ገንዘብ ካወጣሁ በኋላ ነው። ሞተር ለመለወጥ የሚያስብ ሰው በመረጠው ዓይነት ላይ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ሳይወርድ ይቀመጥበት እላለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ተቀምጦ መነሣት ስለ ወገብ ምንም አይናገርም።

በፊቴ የነበሩት ምርጫዎች ሦስት ነበሩ። ሙሉ የንፋስ መከላከያና ትልልቅ ሣጥን ያላቸው የረጅም ጉዞ ሞተሮች ምቾታቸው የሚካድ ባይሆንም ብዙዎቹ ከ350 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝኑ ጠጠር ላይ ብቻዬን ቢወድቁብኝ የማነሣቸው አልመሰለኝም። ስፖርት ቱሪንግ የሚባሉት ደግሞ ወደ ፊት ስለሚያጎነብሱ ክብደቱን ከወገብ ወደ እጅ አንጓ ያዛውሩታል፤ ከአስፋልት መውጣትንም አይወዱም። ስለዚህ አስፋልትም ጠጠርም ላይ ከሚሄደው፣ አድቬንቸር ቱሪንግ ከሚባለው ወገን ያገለገለ የ2018 ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 ገዛሁ። 645 ሲሲ ነው፤ 20 ሊትር ነዳጅ ይይዛል፤ ክብደቱ ወደ 215 ኪሎ ግራም ስለሆነ ከቀድሞው በ60 ኪሎ ግራም ያህል ይቀልላል። የመቀመጫው ከፍታ ግን 83.5 ሳንቲ ሜትር ነው። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ ትንሽ የመሰለኝ የ15 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ሙሉ ተረከዝ ከማስረገጥ ወደ ጣት ጫፍ አወረደኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጣልኩት። ነዳጅ ልቀዳ ወደ አንድ ጎን ያዘቀዘቀ ቦታ ላይ ስቆም፣ ስምንት ዓመት እንደለመድኩት ሁለት እግሬን በአንድ ጊዜ ዘረጋሁ፤ በዝቅተኛው በኩል ያለው እግሬ መሬት ሳያገኝ ሞተሩ ይዞኝ ወረደ። ጉዳቱ የተቧጨረ የእጅ መከላከያ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ሞተሩን ልመልሰው አሰብኩ። ከእኔ በፊት ለረጅም ዓመታት የነዳ አንድ ያገሬ ሰው አለ፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። የሆነውን ስነግረው «መሬቱን በእግርህ አትፈልገው፤ ሳትቆም በፊት በዓይንህ ምረጠው» አለኝ። ከዚያ በኋላ አራት እሑድ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ወስዶ እያቆመና እያስነሣ አለማመደኝ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬኑን እንደያዘ ይቀራል፣ ዳሌ ከመቀመጫው ወደ ግራ ይንሸራተታል፣ የሚወርደው ግራ እግር ብቻ ነው፤ መሬቱ ወደ ግራ ካዘቀዘቀ ደግሞ እግሩ ይለወጣል ወይም ሌላ ቦታ ይመረጣል። ሰውነቴ ሳላስበው እንዲህ ማድረግ የጀመረው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ሞተሩን ዝቅ የሚያደርግ ዕቃ ላስገጥም ስል የከለከለኝም እርሱ ነው። ዝቅ ሲል ከመሬት የሚኖረው ክፍተት ይቀንሳል፤ ካቫሌቶውም (የጎን መቆሚያው) ካልተቆረጠ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ስለሚያቆመው በቀላሉ ወደ ሌላው ጎን ይወድቃል። በዚያ ፈንታ የኋላውን ሞላ በእኔ ክብደት አስተካከልን። ባለቤቴ በሜትር እየለካች፣ እኔ ከነጓዜ ስቀመጥበት ሞላው ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ሲሶ ያህል እስኪወርድ ድረስ በእጅ የሚዞረውን ማስተካከያ አዞርነው። ምንም ወጪ ያልጠየቀው ይህ ሥራ ክሩዘሬ ላይ ካስቀየርኩት መቀመጫ ይልቅ ወገቤን ጠቅሞታል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስቸገረኝ ፍሬን ነው። ክሩዘር ረጅምና ዝቅ ያለ፣ የነጂውም ክብደት ወደ ኋላ ያደላ ስለሆነ የኋላ ፍሬኑ ብዙ ይሠራል፤ እኔም ቀኝ እግሬን አጥብቄ መርገጥ ልማድ ሆኖብኝ ነበር። ከፍ ያለ ሞተር ላይ ግን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ ይቀልላል። በለመድኩት ኃይል ስረግጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ ከእግሬ ሥር ይርገበገብ ነበር፤ ቫልካኔ ኤቢኤስ ስላልነበረው ይህን ምልክት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያወቅሁት። በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር እየጀመርኩ የፊቱን ፍሬን በአንድ ጊዜ ሳልጨብጥ ቀስ በቀስ እያጠበቅሁ መቆምን ደጋግሜ ተለማመድኩ። ማርሽን በተመለከተ ለውጡ ትንሽ ነው፤ አዲሱ ሞተር ጉልበቱን የሚሰጠው ከፍ ባለ ዙር ስለሆነ ዳገት ላይ ቶሎ ማርሽ መቀነስ ያስፈልጋል።

ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር ግን አለ። ክሩዘር ኩርባ ላይ ሲጋደም የእግር ማሳረፊያው አስፋልት መፋቅ ይጀምራል፤ ያ ድምፅ ለነጂው ወሰኑ ላይ መድረሱን ያስታውቀዋል። ቪ-ስትሮም ብዙ ስለሚጋደም ያ ድምፅ ቶሎ አይመጣም፤ በዚህ ምክንያት ፍጥነቴ ሳላውቀው ጨምሮ፣ አንድ ቀን ኩርባ ጨርሼ የፍጥነት መለኪያውን ስመለከት ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቴን የምወስነው ወደ ኩርባው ሳልገባ ነው።

በመስከረም መጨረሻ ከዴንቨር ተነሥቼ በ285 አውራ ጎዳና ኬኖሻ ፓስን (ፓስ የተራራ ማለፊያ ነው) አቋርጬ ቡዌና ቪስታ ገባሁ፤ ከዚያ ወደ 3,700 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ባለው በኮተንዉድ ፓስ አድርጌ ክሬስትድ ቢዩት ደረስኩ። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ የሚነሣውን የኬብለር ፓስን ጠጠር ቀደም ሲል በክሩዘሩ ጀምሬው ተመልሼ ነበር። ኮሎራዶ ውስጥ ብዙ የጠጠር መንገዶች አቧራ እንዳያነሡ ማግኒዥየም ክሎራይድ ይረጭባቸዋል፤ ይህ ሲደርቅ እንደ አስፋልት ይጠነክራል፣ ሲርስ ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ዝናብ አለመኖሩን አይቼ ነው የገባሁት። እግር ማሳረፊያው ላይ ቆሜ፣ ጉልበቴን አላልቼ፣ መሪውን ሳልጨብጥ ያዝ አድርጌ፣ ዓይኔን ሩቅ ጥዬ ነዳሁ፤ የፊት ጎማው ጠጠሩ ላይ ሲዋልል አልተከራከርኩትም። ግራና ቀኙ የአስፐን ደን ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ በመስቀል ሰሞን አደይ የለበሰ ሜዳ ፊቴ ላይ መጣብኝ፤ ሞተሩን አጥፍቼ ጥቂት ቆምኩ።

ፓዮኒያ ስደርስ ከቤት ከወጣሁ ዘጠኝ ሰዓት አልፎኝ ነበር። ከሞተሩ ወርጄ፣ ወገቤን ሳልይዝ ተንበርክኬ፣ አቧራ የጠጣውን ካቴና ጠርጌ ዘይት ቀባሁት።