ቀላል ሬይልባስ ከመግዛታችሁ በፊት የሲግናል ክፍሉን አስፈርሙ

ለአንድ የገጠር ቅርንጫፍ የባቡር መስመር ቀላል የተሳፋሪ ሬይልባሶች፣ ማለትም ያለ ሎኮሞቲቭ በራሳቸው ሞተር ሐዲድ ላይ የሚሄዱ ተሽከርካሪዎች፣ ሲገዙ ሥራውን የመራሁት እኔ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ያኔ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

በሐሳቡ ትክክለኛነት ዛሬም አልጠራጠርም። ተሳፋሪ በሚያንስበት መስመር ላይ ከባድ ሎኮሞቲቭ ማሠማራት ነዳጅ ያባክናል፤ ሐዲዱንም ያደክማል። በ1930ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ፊያት የሠራት ሊቶሪና የተባለችው ሬይልባስ በአስመራና በምጽዋ መካከል በዚያ ሁሉ ዳገትና ጠመዝማዛ ስትመላለስ፣ ራሱን ችሎ የሚሄድ አንድ ቀላል ተሽከርካሪ ምን እንደሚሠራ አሳይታለች።

ጥናቱ፣ በጀቱ፣ የጨረታ ማስታወቂያውና ግምገማው ያለ ችግር አለፉ። የተከራከርንበት የአካሉ ጥንካሬ ብቻ ነበር። በአውሮፓው ኢኤን 12663 ደረጃ ምድብ ፒ-2 1500 ኪሎኒውተን፣ ምድብ ፒ-3 ደግሞ 800 ኪሎኒውተን የመጨመቅ ኃይል መቋቋምን ይጠይቃሉ። በቅርንጫፉ ላይ የጭነት ባቡር ስለማይሄድ ቀላሉን መረጥን።

መከራው የጀመረው በሙከራው ወቅት ነው። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ባደረ ማለዳ ሬይልባሱ መስመሩ ላይ ቆሞ ሳለ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰሌዳ መስመሩ ባዶ መሆኑን ያሳይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባቡር መኖሩን ለሲግናሉ የሚናገረው የሐዲድ ሰርኪዩት የሚባለው አሠራር ነው። በሁለቱ ሐዲዶች ውስጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት አልፎ አንድ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ-ማጥፊያ) ይይዛል። ባቡር ሲገባ ጎማዎቹና የሚያያይዛቸው የብረት ዘንግ (አክስሉ) ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኛሉ፤ ሪሌው ፍሰት አጥቶ ይለቃል፤ ሲግናሉም ቀይ ይሆናል። ባቡር በማይበዛበት መስመር ላይ ግን ሐዲዱ ይዝጋል። ከባድ ባቡር ዝገቱን ጨፍልቆ ብረት ከብረት ያገናኛል፤ ቀላሉ በላዩ ላይ ያልፋል። ፍሬኑ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ የጎማውን ገጽ እያሸ የሚያጸዳ የፍሬን ጫማ የለውምና። ውጤቱ ለሲግናል የማይታይ ባቡር ነው፤ ሰው የሞላበት ሬይልባስ እየመጣ የመንገድ ማቋረጫው መዝጊያ ሊነሣ ይችላል።

ይህ አዲስ ግኝት ቢሆን ኖሮ ባልተቆጣሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብሪታንያ ዲስክ ፍሬን ያላቸው አዳዲስ የናፍጣ ባቡሮች ይህንኑ ችግር አምጥተው፣ ሐዲዱ ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያሳድር ረዳት መሣሪያ እንዲገጠምላቸው ግድ ሆኗል። የሲግናል ሰው የሆነ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ነው። እኛ ረቂቁን የቴክኒክ ዝርዝር ለሲግናል ክፍሉ ልከን ነበር። የመጣልን መልስ ማኅተም ያረፈበት አንድ መስመር ነው፦ «አስተያየት የለንም»። ያ ደብዳቤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ከዚያ በኋላ የደብዳቤ ጦርነት ሆነ። የመሠረተ ልማቱ ክፍል «ሰርኪዩቱ ለዓመታት ሠርቷል፤ ጥፋቱ የተሽከርካሪው ነው» አለ። አቅራቢው «ዝርዝራችሁን አሟልቻለሁ» አለ፤ በውሉ መሠረት እውነቱን ነበር። ፈቃድ ሰጪው አካል ሁለቱ እስኪስማሙ ፋይሉን አስቀመጠው። በደረቅ ቀን፣ በጠራ ሐዲድ ላይ እንደገና እንድንፈትሽም አዘዘን። በጠራ ሐዲድ ላይማ ማንኛውም ተሽከርካሪ ያልፋል! ሬይልባሶቹ ጋራዥ ውስጥ ቆመው ሳለ የገጠሩ ሰው በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ይጓዝ ነበር። ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

መፍትሔው በመጨረሻ በማቋረጫዎቹና በመገንጠያው ላይ የአክስል ቆጣሪ መግጠም ሆነ። ቆጣሪው ጎማ ሲያልፍ የሚለየው በመግነጢሳዊ መስክ ለውጥ ስለሆነ ዝገት አያግደውም። የቀረውን መስመር በአንድ የመሄጃ በትር አሠራር አደረግነው፤ በትሩን የያዘ ባቡር ብቻ ይገባል። ባንድ ጊዜ ከአንድ ባቡር በላይ ለማይሄድበት ቅርንጫፍ ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ኋላ ቀር ነው የሚሉትን አትስሙ።

የግዥ መመሪያው የሚፈለገውን አገልግሎት ብቻ ግለጹ፣ ሌላውን ለተጫራቹ ተዉት ይላል። እኔ ግን የሲግናሉን ሥዕላዊ ንድፍና የሐዲዱን ሁኔታ ከጨረታ ሰነዱ ጋር አያይዙ እላለሁ። በክብደት መቀነስ ነጥብ አትስጡ፤ የጎማ ማጽጃ ላለውና ባቡር በሚያንስበት መስመር ላይ ሲሠራ ለቆየ ሞዴል ስጡ። የመጨረሻውን ክፍያ በራሳችሁ ዝገት በበላው ሐዲድ ላይ፣ ከዝናብ በኋላ በሚደረግ ፈተና ላይ አንጠልጥሉት። የሲግናል ክፍሉም «አስተያየት የለንም» ካለ ሰነዱን መልሱለትና ተሽከርካሪው በሰርኪዩቱ እንደሚታይ በኃላፊው ስም አስፈርሙ። ፊርማው ሳይገኝ ጨረታ አታውጡ።