ባንክስ ትራክ፦ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱን መልመድ

ዳገቱ ተቃሏል። ስምንት ኪሎ በጀርባ አዝሎ እንጦጦን ሳያርፉ መውጣት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። አሁንም አልበገር ያለው ቁልቁለቱ ነውና ይህ ማስታወሻ ግማሹ ስለ እሱ ቢሆን አትፍረዱ። የተጻፈው በተለይ ለኒውዚላንዱ ባንክስ ትራክ ለሚዘጋጁ ነው።

መንገዱን ባጭሩ። ከክራይስትቸርች ወደ 80 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አካሮዋ የምትባል ከተማ አጠገብ ነው የሚገኘው። በ1989 (እ.ኤ.አ.) የአካባቢው ባለመሬቶች ተስማምተው የከፈቱት፣ በአገሩ የመጀመሪያው የግል የእግር መንገድ ነው። ርዝመቱ ወደ 31 ኪሎ ሜትር፣ የሚወስደው ሦስት ቀን፣ ወቅቱም ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው፤ የእነሱ በጋ ማለት ነው። በዋዜማው መነሻው ኦኑኩ ላይ ይታደራል፣ ቀጥሎ ፍሊ ቤይ፣ ቀጥሎ ስቶኒ ቤይ የሚባሉ የባሕር ወሽመጦች ዳር፤ በመጨረሻው ቀን በሂኔዋይ ደን በኩል ተመልሶ አካሮዋ። መንገዱ ከባሕር ገደል በላይ ባለ የበግ ግጦሽ ይሄዳል፣ ከዚያ አገር በቀል ጫካ ውስጥ ይገባል። ማደሪያዎቹ ፍራሽም ማብሰያም ስላላቸው ድንኳንና ምድጃ መሸከም አያስፈልግም። ቦርሳው ከዘጠኝ ኪሎ ካለፈ የማይረባ ነገር ተጨምሯል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ቁልቁለቱ። የመጀመሪያው ቀን ከኦኑኩ ተነስቶ 700 ሜትር ገደማ ይወጣና፣ ያንኑ ሁሉ ከፍታ መልሶ እስከ ባሕሩ ዳር ይወርዳል። አዲስ አበባ ለሚለማመድ ሰው መውጣቱ ምንም አይደለም፤ 2,400 ሜትር ላይ የለመደ ሳንባ እዚያ ሲደርስ አየር ይተርፈዋል። ስንወርድ ግን የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደት የሚይዘው። ይህ ዓይነቱ ሥራ የጡንቻውን ክሮች በጥቃቅኑ ይጎዳል፤ ሕመሙም የሚበረታው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የአንደኛው ቀን ዕዳ የሚከፈለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ሦስተኛው ቀን ደግሞ እንደገና ወጥቶ መውረድ አለው።

መድኃኒቱ አንድ ነው፦ አስቀድሞ መውረድ። ጡንቻ አንዴ በቁልቁለት ከተጎዳና ካገገመ በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ያንን ሥራ በቀላሉ ይችለዋል። መሮጫ ማሽን ላይ ዳገት ከፍቶ አንድ ሰዓት መራመድ ለልብ ይጠቅማል፣ ለዚህ ጉዳይ ግን ዋጋ የለውም። ውሃ ተሸክመው ወጥተው፣ ጉልበት እንዳይጎዳ ብለው ጫፍ ላይ የሚደፉም አሉ፤ ለታመመ ጉልበት ደግ ነው፣ ለዚህ መንገድ ለሚዘጋጅ ግን የልምምዱን ፍሬ መድፋት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። መጀመሪያ ባዶ ቦርሳ ይዞ ሃያ ደቂቃ የፎቅ ደረጃ መውረድ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሊትር ውሃ መጨመር፣ ሙሉው ሸክም ሲደርስ ወደ እውነተኛ ቁልቁለት መሻገር። የመጨረሻው ከባድ ልምምድ ከጉዞው አሥር ቀን ቀደም ብሎ ይለቅ። በዋዜማው ሳምንት መውረድ ሕመሙን ይዞ መሄድ ነው።

አወራረዱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። እርምጃ አጭር፣ ጉልበት ትንሽ ታጠፍ ያለ፣ እግር ከሰውነት ሥር የሚያርፍ። ሰው ሲፈራ ወደ ኋላ ያጋድላል፤ ያኔ ተረከዙ ይቀድምና እርጥብ ሣር ላይ ያንሸራትተዋል።

ሌላው የጣት ጥፍር ነው። እግር ጫማ ውስጥ ወደ ፊት እየተንሸራተተ አውራ ጣት ግድግዳውን ሲደበድብ ጥፍሩ ይጠቁራል። ብዙው ሰው ጫማው ጠቦት ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የክሩ ነው። ክሩን ቁርጭምጭሚት መታጠፊያው ላይ ስታደርሱ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ አጠማዝዙት። ይህ ከታች ያለውን ከላይ ካለው ይለየዋል፦ ጣቶቹ ዘንድ ላላ፣ ቁርጭምጭሚቱ ዘንድ ጠበቅ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር ሳታቆላልፉ በዚያው ጎን ቀጥታ ወደ መጨረሻው ቀዳዳ አስገቡት፤ በሁለቱም በኩል ትንሽ ቀለበት ትቀራለች። ከዚያ የግራውን ክር በቀኝ ቀለበት፣ የቀኙን በግራ ቀለበት አሾልኩና መጀመሪያ ወደ ተረከዝ፣ ከዚያ ወደ ላይ ሳቡ። ተረከዙ ጫማው ውስጥ ንቅንቅ አይልም። ይህን ለዳገት አላልታችሁ፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር አምስት ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ እንደገና እሰሩት። አምስት ደቂቃ የሚያስቆጨው ሰው ጥፍሩ አይቆጨውም መሰለኝ። ጥፍር ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት፣ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ።

ስለ መራመጃ ዱላ ሚዛናዊ አስተያየት ከእኔ አትጠብቁ። ሁለት ዱላ የሌለው ሰው እዚህ መንገድ ላይ ባይሄድ ይሻላል። ሜዳ ላይ ክርን ዘጠና ዲግሪ እስኪታጠፍ፣ ቁልቁለት ላይ ከዚያ ከአምስት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ማስረዘም፤ ተዳፋቱን አግድም ስትሄዱ ደግሞ በላይኛው በኩል ያለውን ዱላ ማሳጠር። የጎማ ቆቡን አውልቁት፣ ሣር ላይ አይነክስም።

እግር ውሃ መቋጠር የሚጀምረው በአብዛኛው ከጠዋት ጤዛ ነው። ሣሩ ካልሲ ያርሳል፣ እርጥብ ቆዳ ይላጣል። ቦታው መፋጀት ሲጀምር ወዲያው ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ነው፤ ከቋጠረ በኋላ ማስታገሻ እንጂ መከላከያ የለም።

የቀረው ትንሽ ትንሽ ነገር ነው። በጎች በተዳፋቱ ላይ የሚሠሩት ቀጭን መንገድ ከሰው መንገድ የበለጠ ያምራል፤ ዓይናችሁን ከምልክት እንጨቱ ላይ አታንሱ። የግጦሽ በር ክፍት ካገኛችሁት ክፍት፣ ዝግ ካገኛችሁት ዝግ ተዉት። የእርሻ ጅረት ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም። ፍሊ ቤይ የፔንግዊን መራቢያ ስለሆነ ማታ ባሕር ዳር በባትሪ መብራት መዞር አይገባም። ጫካው ውስጥ ኦንጋኦንጋ የሚባል ተክል አለ፦ የኛው ሳማ ዘመድ ነው፣ ግን ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ ዛፍ፣ ነጭ እሾሁ ከቅጠሉ ላይ ቆሞ የሚታይ። ሕመሙ ለቀናት ይቆያል፤ በ1961 (እ.ኤ.አ.) ሰው ገድሏል። ረጅም ሱሪ።

ሂኔዋይን በጥድፊያ አትለፉት። ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዕፅዋት ተመራማሪው ሂው ዊልሰን ጎርስ የሚባለውን ከአውሮፓ የመጣ እሾሃም ቁጥቋጦ ሳይነቅል በመተው ነው ደኑን የመለሰው። ጎርሱ ለአገር በቀሉ ችግኝ ጥላ ይሆናል፣ ችግኙ ሲያልፈው ብርሃን አጥቶ ይሞታል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ግራጫ የደረቀ የጎርስ ግንድ፣ በላዩ አረንጓዴ ዛፍ ታያላችሁ።

ጫማውን ከአገር ሳትወጡ በብሩሽ እጠቡ፣ የሶሉን ፍንክት በጥርስ መፋቂያ። ኒውዚላንድ ስትገቡ አፈር የነካ ጫማም፣ በሶም፣ ቆሎም በመግቢያ ቅጹ ላይ ይሞላል። አስመዝግባችሁ ቢከለከል ቢበዛ ይወሰድባችኋል፤ ሳታስመዝግቡ ቢገኝ 400 የኒውዚላንድ ዶላር እዚያው ትቀጣላችሁ። ለመንገዱ የሚሆን አጃና ለውዝ ክራይስትቸርች ይሸጣል።