ሌሊት የሚፈጭ ወፍጮ

ጎሐ ጽዮን እስክንደርስ ሲያወራ የመጣው አውቶቡስ ሙሉ ሰው ቁልቁለቱ ሲጀመር ጸጥ አለ። ሾፌሩ እንኳ ካሴቱን አጠፋ። ወደ ዓባይ በረሃ በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ፣ የፍሬኑ ሽታ በመስኮት እየገባ፣ ከጎኔ የተቀመጡት ቄስ እያማተቡ ከወንዙ ደረስን። ሸፈርታክ ላይ አሮጌው ድልድይና በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው አዲሱ ጎን ለጎን ቆመዋል። በአዲሱ ተሻግረን ጎጃም ገባን። ጥር 2004 ዓ.ም. ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ገና ሳምንቱ።

ደጀን ወረድኩ። የሴት አያቴ ታናሽ እህት ቤት ከከተማው አንድ ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጠ መንደር ውስጥ ነው። በየአውድማው ጤፍ ይወቃል፤ ዕብቁ ፀሐይ ላይ ሲበተን ዓይን ይወጋል። ሻንጣዬን የተሸከመልኝ ልጅ አንድ ጊዜም ሳያርፍ እኔ አራት ጊዜ አረፍኩ።

እማሆይ መደብ ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ። ቆባቸውን ከደፉ ቆይተዋል። እግራቸውን ስሜ ስነሣ "የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ቡና ሲቀርብም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሦስተኛው ላይ ሲስቁ አየሁና ከመጀመሪያውም እንዳወቁኝ ገባኝ።

የመጣሁት ደብተር ይዤ፣ ጥያቄዬን አሰናድቼ ነው። አባታቸው በጣሊያን ዘመን በረሃ ወርደው ከበላይ ዘለቀ ሰዎች ጋር እንደነበሩ ቤተሰቡ ሁሉ ያወራል። የትኛው ውጊያ ላይ ዋሉ? መሣሪያቸው ምን ነበር? ውጅግራ ነው ወይስ ምንሽር?

"እሱን ወንዶቹን ጠይቂ" አሉኝ። "እኔ የማውቀው ወፍጮውን ነው።"

ደብተሬን ዘጋሁ። ትንሽ ቅር ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

ጎጃም በ1930 ዓ.ም. ሲነሣ እማሆይ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመታቸው ነበር። ጣሊያን ከተሞቹን ይዞ ምሽግ ሠርቷል፤ ገጠሩ ግን አልተያዘለትም። ታሪክ ስንማር እዚህ ላይ የምንሰማው የአዝማቾቹን ስም ነው፤ በላይ ዘለቀ፣ ልጅ ኃይሉ በለው፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ። እነዚያ ሁሉ ተዋጊዎች ምን ይበሉ እንደነበር ግን ጠይቄም አላውቅ።

በሶ ይበሉ ነበር። ቆሎ፣ ድርቆሽ። ገብሱ መቆላት፣ መፈጨት፣ ስልቻ ውስጥ መግባትና ጎህ ሳይቀድ ቁልቁል ወደ በረሃው መውረድ አለበት። ቀን እሳት አይነድም፤ ጢስ ያየ አውሮፕላን ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ሌሊት ነው። እናታቸውና አክስታቸው እየተፈራረቁ ይፈጫሉ፤ ድምፁ እንዲታፈን ከወፍጮው ሥር ያረጀ ደበሎ ተነጥፏል። የእማሆይ ሥራ ደጅ ተቀምጦ ማዳመጥ ነበር። የቱ ውሻ በየትኛው በኩል እንደሚጮህ፣ ጩኸቱ ለጅብ ይሁን ለሰው።

"ጢሱንስ ሌሊት ሸፈነው፤ ሽታውን ምን እናድርገው?" አሉኝ። የሚቆላ ገብስ ሽታ ሩቅ ይሄዳል። ባንዳ የሆነ ጎረቤት ደግሞ ከአውሮፕላን ይቀርባል። ምጣዱ ሲጣድ ጎን ለጎን እርጥብ ኩበት ያጤሱ ነበር። በጢሱ ሲያስሉ ያድራሉ፤ ሳሉ እንዳይሰማ ደግሞ ነጠላ አፋቸው ውስጥ ይወትፋሉ።

ከሁሉ ያስገረመኝ የጨው ነገር ነው። ጨው የሚገኘው ምሽጉ ካለበት ገበያ ብቻ ስለነበር ወጡ ሁሉ አልጫ ሆነ። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ጨው ያለው ወጥ ነገር ያመጣ ጀመር። ጎረቤት ቀምሶ "ከየት አገኛችሁ?" ካለ ጥያቄው ከምሽጉ ጋር ምን አላችሁ ማለት ነው። እናታቸው ደግሞ በእርግጥ ከምሽጉ ጋር ነገር ነበራቸው። ዕንቁላል ይሸጣሉ። ለአንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ለተቀጠረ የቅኝ ግዛት ወታደር፣ ማርትሬዛ ብር ይሰጡና ጥይት ተቀብለው በቅቤ ቅል ይዘው ይመለሳሉ። ይህን የሚያውቁት ባላቸውና አክስቲቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጨው እየቻሉ ጨው አይገዙም። ልጆቹ ጨው እያሉ ሲያለቅሱ ዝም ይላሉ።

የውስጥ አርበኛ የሚባለውን ቃል ሳውቀው የኖርኩት ለከተማ ሰዎች ነበር፤ ወረቀት ለሚያቀብሉ፣ ወሬ ለሚያሾልኩ። እማሆይ ቃሉን አንድ ጊዜም አልተጠቀሙበትም። "ገበያ ትሄድ ነበር" ነው ያሉት።

መጋቢት 1933 ዓ.ም. ሲያልቅ የጣሊያን ጦር በኮሎኔል ማራቬንታኖ መሪነት ደብረ ማርቆስን ለቆ በዚሁ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ ወረደ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። ታሪኩ ከዚያ በኋላ ተከትሏቸው አዲስ አበባ ይሄዳል። እማሆይ ግን መንገዱ ላይ ቀሩ። ያዩት ጦር አይደለም፤ ከጦሩ ኋላ የሚጎተቱ የአስካሪ ሚስቶች፣ ጀርባቸው ላይ ሕፃን ያዘሉ፣ እግራቸው የቆሰለ። ከመካከላቸው አንዷ ከመንገድ ወጥታ ደጃቸው ድረስ መጣችና ሳትናገር እጇን ዘረጋች።

"እናቴ ቆማ አየቻት። ቤታችንን ያቃጠሉት የእሷ ሰዎች ናቸው። ገባችና ለአባቴ ያስቀመጠችውን በሶ በቅል አውጥታ ሰጠቻት።"

"አባትዎ ምን አሉ?"

"ማን ይነግረዋል?" አሉና እንዝርታቸውን አሾሩ። ከሰባ ዓመት በኋላም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የነገሩኝ።

ከድል በኋላ አባታቸው የአርበኛ ሜዳይ ተሰጣቸው። እናታቸው ምንም አልተሰጣቸውም፤ እማሆይ ይህን ሲናገሩ የቅሬታ ቃል አላወጡም፣ ቅሬታው የእኔ ነው። ሜዳዩ ግን ሰላም አላመጣም። ብዙ ሳይቆይ የመሬት ግብሩ መጣ፤ ጎጃሜም ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ እንደገና ተነሣ። ጥር 1937 ዓ.ም. በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። "ያን ቀን አባቴ ሜዳዩን ከግድግዳው አወረደው" አሉ። የት እንዳደረጉት ጠየቅኳቸው፤ አልመለሱልኝም።

በ1960 በእርሻ ገቢ ግብሩ ሳቢያ ሌላ አመፅ ሲነሣ መንግሥት ጎጃምን በአውሮፕላን ደበደበ። እዚህ መንደር ላይ ቦምብ አልወደቀም። ቢሆንም እማሆይ፣ ያኔ የአራት ልጆች እናት፣ ድምፁን ከሩቅ እንደሰሙ ተነሥተው ምድጃው ላይ ውኃ ደፉበት።

"የማን አውሮፕላን እንደሆነ አውቀዋል?"

"የእኛው ነው አሉ። እጄ ግን መች ጠየቀኝ?"

ሲመሽ ራታችን ሽሮ ነበር፤ ጨው የበዛበት። የልጃቸው ሚስት ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እማሆይ ራሳቸው እንደሚጨምሩ፣ ተቆጥተውም ከልክለውም እንደማይሆን በሹክሹክታ ነገረችኝ።

ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ወፍጮውን አሳዩኝ አልኳቸው። የልጅ ልጃቸው ሣቀ። ጓሮ ወሰደኝ። ከግንቡ ሥር አፈር ውስጥ ግማሹ የተቀበረ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ መካከሉ እስከ ክንዴ ግማሽ ጎድጉዷል። መጁ የለም። መንደሩ የሞተር ወፍጮ ካገኘ ወዲህ የዶሮ ውኃ መጠጫ ሆኗል። ጎድጓዳው ውስጥ እጄን ብሰድ እንደ ሳህን ለስልሷል።

እማሆይ በከዘራቸው እየተደገፉ ከኋላዬ መጡ።

"ደርቋል" አሉኝ። "ውኃ ጨምሪበት እስኪ።"

ከእንስራው ቀድቼ ጨመርኩበት። አልሞላም። ሁለተኛ ቀዳሁ።