ሸሪክ ፍለጋ

ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለው ጉዳይ አንድ ነው። የእንጨት ሥራ ቤታችንን ከማን ጋር ልያዘው?

አባቴ የጀመረው ቤት ነው። ጅማ ሲባል ከቡናው ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያነሳው በርጩማውን ነው። ያ ባለ ሦስት እግሩ፣ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣው። እኛ አሁን በብዛት የምንሠራው አልጋ፣ ቁም ሣጥንና የሆቴል ወንበር ነው። በርጩማውን ግን አልተውነውም፤ ጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይቶ የሚመለስ እንግዳ አሁንም እየጠየቀ ይመጣል።

ሥራ አልጠፋም። ደንበኛ አለ፣ ስምም አለ። ያጠረን ትንፋሽ ነው። እንጨት ዛሬ ገዝተሽ ነገ አትሠሪበትም። የጅማን ዝናብ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል፤ ጣውላው እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል። በእርጥቡ የተሠራ በር ይጣመምና የቤቱን ስም ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ ብራችን መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ ይከርማል። በዚህ መሃል ትልቅ ትዕዛዝ ከመጣ ቀብዱ ብቻውን አያንቀሳቅስም። እኔ ደግሞ ሂሳቡንም፣ ገዢውንም፣ ሠራተኛውንም ብቻዬን ይዤ ደክሜያለሁ።

መጀመሪያ የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ብር አለው፣ ይወደኛል። ሱቁን ዞር ዞር ብሎ አየና "በወር ስንት ይገባል?" አለኝ። ነገርኩት። "በቃ፣ ግማሽ በግማሽ እንሁን" አለ። እማዬ በጣም ደስ አላት። ከባዕድ ሥጋ ይሻላል ባይ ናት።

እኔ ግን ሌሊቱን ሳሰላስል አደርኩ። የምን ግማሽ? ማሽኖቹ አሉ። የደረቀው ጣውላ አለ። ያልተሰበሰበ ዱቤ አለ፣ ያልተከፈለ ዕዳም አለ። መላጊያ መያዝ እዚሁ የተማሩ፣ ዛሬ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ልጆች አሉ። ሁለት ሰው ከባዶ ሲጀምር እኩል ማዋጣት እኩል ያደርጋል። በቆመ ቤት ላይ ግን መጀመሪያ ያለው ነገር መገመት አለበት፤ ስሙም ጭምር። እሱ አንዱንም አልጠየቀኝም። ቀስ ብዬ ሳስበው የሚፈልገው ሸሪክነት ሳይሆን ብሩ ሥራ ላይ እንዲውል ነው። ለዚህ ደግሞ ብድር ይበቃል። ለጣውላ መግዣ አበድረኝ፣ የምንመልስበትን ቀን እንጻፍ አልኩት። ትንሽ ቅር ብሎታል። እኔንም ከፍቶኛል፤ እንዳይርቀኝ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛዋን የመረጥኳት እኔ ነኝ። ኮላ፣ ቫርኒሽና ብርጭቆ ወረቀት የምንወስደው ከእሷ ሱቅ ነው፤ እቁብም አብረን እንጥላለን። ሰው እቁብ ላይ የሚታወቀው ዕጣው ከወጣለት በኋላ ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ሁሉም ቀድሞ ይከፍላል። ብሩን ከተቀበለ ወዲያ ግን አንዱ ስልክ አያነሳም፣ ሌላው "ለሚቀጥለው ልደርብ" ይላል። እሷ ዕጣው ቀድሞ ወጣላት። ከዚያ በኋላ ገበያ ጠፍቶ ሱቋ ጭር ባለበት ጊዜ እንኳ ቀኗን አላዛነፈችም። ሰብሳቢው ሳይደውልላት ትመጣለች። ይህን ያየሁባትን ሴት "አላውቃትም" ማለት አልችልም፣ ዘመድ ባትሆንም።

ሐሳቤን ስነግራት ስለ ትርፍ አላነሳችም። "የዱቤ ደብተሩን አሳይኝ" አለችኝ። በርጩማ ስባ ተቀመጠች፣ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጣቷ ስም በስም ወረደች። "ይሄ ቢዘገይም ይከፍላል። ይሄኛውን እርሺው፣ እኔም ጋ አለበት።" ከዚያ ደብተሩን ዘጋችና ቀና ብላ አየችኝ። "እህቴ፣ ካልተስማማን የምትወጣው ማናችን ነን?"

ይህን ጥያቄ ስሰማ ልቤ አረፈ። የሚሸሸውን ነገር ፊት ለፊት ያመጣች እሷ ናት።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ብለን ጠበቃ ዘንድ ሄድን። የኅብረት ሽርክና ማኅበር ብናቋቁም ለድርጅቱ ዕዳ በግል ንብረታችንም ጭምር እንጠየቃለን። የእሷ ሱቅም፣ የእኔ ቤትም ይነካል ማለት ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ግን ተጠያቂነታችን ባዋጣነው ልክ ነው። የ1952ቱን የንግድ ሕግ የተካው አዋጅ 1243/2013 ሌሎች አማራጮችም አምጥቷል፤ እኛ ግን ወደዚህኛው አዘንብለናል። ማሽኖቹንና ጣውላውን የሚገምተው ለሁለታችንም ባዕድ የሆነ ሰው ነው። አንዳችን መውጣት ብንፈልግ ድርሻው በምን እንደሚተመን፣ አንዳችን ብንሞት ልጆቻችን ምን እንደሚያገኙ ይጻፋል። ስለ ሞት ስናወራ ሁለታችንም ዝም አልን፤ ግን አላለፍነውም።

ውሉ ሳይፈረም አንድ የሆቴል ወንበር ትዕዛዝ አብረን ይዘናል። ለብቻው ደብተር አለው። የጣውላው ከእኔ፣ የቫርኒሹና የኮላው ከእሷ፣ የሠራተኛው ከሁለታችን።

ትናንት የመጀመሪያው አለመግባባት መጣ። የአባቴ የድሮ ደንበኛ አልጋ በዱቤ ልውሰድ አሉ። እሷ "አይሆንም፣ ያለፈው አልተከፈለም" አለች። እኔ ደግሞ እኒህን ሰው ባዶ እጃቸውን መመለስ አልቻልኩም፤ አባቴ ሲታመም ሌሊት መኪና ይዘው የደረሱልን እሳቸው ናቸው። ይህን ነገርኳት። አዳመጠችኝ። "እንግዲያው ከራስሽ ድርሻ ይሁን፣ ከቤቱ ግን አይሁን" አለች። ልክ ናት። አልጋው በእኔ ስም ወጣ። ከእንግዲህ ያለ ሁለታችን ፊርማ ዱቤ እንዳይሰጥም ለጠበቃው ነግረነዋል፤ ውሉ ውስጥ ያስገባዋል።