«20» ብዬ የጻፍኩ ቀን

ይህን የምጽፈው ሕክምና ለምትማሩ ልጆች ነው። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ሀዋሳ፣ እኛ ሰፈር፣ ሕክምና መግባትህ ከተሰማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶክተር ነህ። ገና የአጥንት ስም እየሸመደድኩ ጎረቤቶቻችን የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ያሳዩኝ ነበር። እናቴ ቡና ላይ «ዶክተሩ ልጄ» ስትል ደስ ይለኛል። አላረምኳትም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጥናት አለፉ። ነጭ ጋውን አሰፋሁ፣ ስቴቶስኮፕ ከአንድ ሲኒየር በርካሽ ገዛሁ፣ ሲ-ዋን ገባሁ፤ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ እያየን የምንማርበት የመጀመሪያው ዓመት ነው።

ነገር የተበላሸው ሜዲካል ዋርድ (የውስጥ ደዌ ክፍል)፣ በሁለተኛው ሳምንት ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞችና ተማሪዎች በሽተኞችን እየዞርን ስናይ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። አንድ ስፔሻሊስት የበሽተኛዬን ትንፋሽ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። «አልቆጠርኩም» አልኩ። እውነቴን ነው። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ በሽተኛዋም እየሰማች፣ «ጋውኑን አውልቅና ሂድ» አለኝ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። መቆጣቱ አይደለም፤ መቆጣት ነበረበት። ግን ተመልሼ ቆጥሬ እንድመጣ አላዘዘኝም፣ አቆጣጠሩንም አላሳየኝም። ከዚያ ጠዋት የቀረልኝ ትምህርት አንድ ብቻ ነው፤ «አልቆጠርኩም» አይባልም።

ማታ ዶርም ውስጥ ጓደኞቼ መላውን ነገሩኝ። «20 ብለህ ጻፍ።» የጤነኛ አዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። 20 ካልክ ማንም አይጠይቅህም። በማግስቱ ቻርቶቹን ሳገላብጥ የብዙዎቹ 20 ነበር።

ከወር በኋላ አንድ አባት ከገጠር መጡ። ሳልና ትኩሳት ነበራቸው። የሚናገሩት ሲዳምኛ ብቻ ስለሆነ ልጃቸው ታስተረጉምልኛለች። ግፊታቸውን ለካሁ፣ ሳንባቸውን አዳመጥኩ። ራውንድ ሊጀመር ነበር። ትንፋሽ የሚለው ጋ ስደርስ 20 ጻፍኩ። ልጅቷ «ዶክተር፣ አተነፋፈሳቸው ልክ ነው?» አለችኝ። እሷ ያየችውን እኔ አላየሁም። «ደህና ናቸው» አልኳት።

ራውንድ ላይም 20 ብዬ አቀረብኩ። አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ተረኛዋ ነርስ አልጋቸው ጎን ቆማ ሰዓቷን እያየች ትቆጥራለች። ሙሉ አንድ ደቂቃ። 38። ወዲያው ኦክሲጅን ተደረገላቸው፣ ሬዚደንቱ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም፣ ተጠራ። ቻርቱን ገልጦ የእኔን 20 አየ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ምንም አላለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አቆጣጠሩን ያሳየችኝ ያቺ ነርስ ናት። «የእጅ አንጓቸውን ያዝ፣ የልብ ምት የምትቆጥር ምሰል፣ ዓይንህ ግን ደረታቸው ላይ ይሁን» አለችኝ። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛትንም ከለከለችኝ።

በኋላ ሳነብ፣ ጆርጅ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1990 የሐኪምን ብቃት በአራት እርከን ፒራሚድ እንዳስቀመጠው አየሁ። ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ በሥራ ላይ ማዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ካናዳውያኑ ባልና ሚስት ሪቻርድና ሲልቪያ ክሩስ ከባልደረባቸው ጋር አናቱ ላይ አምስተኛ እርከን ጨመሩ፤ መሆን። እኔ መሆን የሚባለው ከጋውኑ ጋር የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ዶክተር ለመምሰል ስል ነው እኮ ያልቆጠርኩትን የጻፍኩት።

መምህራን «በሽተኛ ፊት አታመንቱ» ይላሉ። አልስማማም። «ተማሪ ነኝ፣ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» በሉ። እንዲህ ማለት ከጀመርኩ ወዲህ የናቀኝ በሽተኛ የለም። ያልለካችሁትን ባዶ ተዉት፤ ተሰደቡ። ነርሶቹ አጠገብ ቁሙ። ሀዋሳ የምትማሩ ደግሞ ሲዳምኛ ልመዱ፤ «ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ብሎ መጠየቅ እንኳ ትልቅ ነገር ነው። እናቴንም አረምኳት። ቅር አላት፣ ግን ለመደችው።

አባትየው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ድነው ወጡ። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ እጄን በሁለት እጇ ይዛ «ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይባርክህ» አለችኝ። ስለዚያች 20 ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «አሜን» ብቻ ነው የወጣኝ።