መከላከያዬ አልደከመም

ህመሜን ያወቁ ጎረቤቶቼ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ሌላዋ ዝንጅብል፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት። «መከላከያሽን ያጠነክርልሻል» ይሉኛል። አሳቢነታቸው አንጀቴን ያርሰዋል። ግን የእኔ የበሽታ መከላከያ አልደከመም። ከልኩ አልፎ የገዛ መገጣጠሚያዬን እያጠቃ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ማለት ይሄ ነው። ጠዋት ጣቶቼ እስኪፍታቱ ድረስ ጀበና እንኳን ማንሳት አልችልም።

የጎደለኝ ጉልበት ሳይሆን ልጓም ነው።

ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የምትባል እጢ አለች። ቲ ሴሎች የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች እዚያ ያድጋሉ። የራስን አካል የሚያጠቁትን አብዛኞቹን እዚያው ታስወግዳቸዋለች። ያመለጡትንስ ማን ይይዛቸዋል? እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ በአይጦች ላይ መልሱን አሳየ፦ ተቆጣጣሪ የሚባሉ ሌሎች ቲ ሴሎች ናቸው። እነሱን ነጥሎ ሲያወጣ የቀሩት ሴሎች የአይጡን ታይሮይድና ጨጓራ አጠቁ። መልሶ ሲጨምራቸው ጥቃቱ ቀረ። በ2001 ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ቆዳቸው የሚላላጥ፣ ወንዶቹ በሳምንታት ውስጥ የሚሞቱ አይጦችን መርምረው ፎክስፒ3 የሚባል ጂን መበላሸቱን አገኙ፤ ተቆጣጣሪዎቹ ያለዚህ ጂን በትክክል አይፈጠሩም። ይሄው ጂን የተበላሸባቸው ወንድ ሕፃናትም ገና በጨቅላነታቸው ስኳር፣ ተቅማጥና የቆዳ ቁስለት ይይዛቸዋል። ሦስቱም ተመራማሪዎች በ2025 ኖቤል ተሸለሙ። ደስ ብሎኛል!

ተቆጣጣሪዎቹ ሲሠሩ ማየት ነው የሚገርመው። አጥቂ ሴሎች ለመባዛት ኢንተርሉኪን 2 የሚባል ንጥረ ነገር ይፈልጋሉ። ተቆጣጣሪዎቹ ቀድመው ይሻሙባቸዋል። ሲቲኤልኤ-4 በሚባል ፕሮቲን ደግሞ «ተነሱ» የሚለውን ምልክት ከሰጪው ሴል ላይ ይነጥቃሉ። አባታሴፕት የሚባለው የሩማቶይድ መድኃኒት የተሠራው ይህንኑ ፕሮቲን አስመስሎ ነው።

በእንደኔ ያለ ሕመምተኛ ያበጠ ጉልበት ውስጥ ግን ተቆጣጣሪዎቹ አልጠፉም። ብዙ ጊዜ ከደም ውስጥ ይልቅ እዚያ ይበዛሉ። ችግሩ አጥቂዎቹ አይሰሟቸውም፤ ቲኤንኤፍ የመሰሉ የብግነት ኬሚካሎችም ያዳክሟቸዋል። ገላጋይ ሞልቶ ጠቡ አይበርድም። ይህን ሳነብ አለቀስኩ፤ ሰውነቴ ለካ ዝም ብሎ አላየኝም፣ እየታገለልኝ ነው።

ስለዚህ ዝንጅብሉን ለሻይ በደስታ እቀበላለሁ። በየሳምንቱ የምውጠውን የሩማቶይድ መድኃኒቴን፣ ሜቶትሬክሴትን ግን አላቋርጥም። «መከላከያ ያነቃቃል» ተብሎ የሚሸጥ እንክብልም ሐኪሜን ሳልጠይቅ አልነካም።