በቦድ ጋያ የጡብ ግንብ ሥር

ዛሬ በሕንድ ቢሃር ግዛት በምትገኘው ቦድ ጋያ ጫማዬን አውልቄ (ለእኛ ሰው ሥርዓቱ እንግዳ አይደለም) ወደ ማሃቦዲ የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ ገብቼ ነበር። ከሩቅ የድንጋይ የሚመስለው 55 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ግንብ በአብዛኛው የተገነባው በጡብ ነው፤ ላዩ በልስን ተሸፍኖ፣ ጎኖቹ ሳይጎብጡ ቀጥ ብለው እየጠበቡ ይወጣሉ፣ በአራቱም ማዕዘኖች ደግሞ እሱኑ የሚመስሉ ትናንሽ ግንቦች ቆመዋል።

በስፍራው የመጀመሪያውን መቅደስ የሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው አሾካ እንደሆነ ይነገራል፤ አሁን የሚታየው ሕንፃ ግን ከክርስቶስ ልደት በኋላ የ5ኛው ወይም የ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ማለትም ሰሜን ሕንድን ይገዛ የነበረው የጉፕታ ሥርወ መንግሥት ዘመን ሥራ ነው። የቡድሂዝም መሥራች ሲድሃርታ ጎታማ ከሥሩ ተቀምጦ ቡድሃ (የነቃ) ሆነበት የሚባለው ዛፍ ዘር ነው የሚባል ዛፍ ከግንቡ በስተ ምዕራብ ይገኛል።

ቡድሂዝም በአካባቢው ከተዳከመ በኋላ ሕንፃው ለዘመናት እየፈረሰ ቆይቷል። የበርማ ነገሥታት ሊያድሱት የሞከሩ ሲሆን፣ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት በእንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት በአሌክሳንደር ካኒንግሃም ዘመን ሰፊ እድሳት አደረገለት። ስለዚህ ዛሬ የምናደንቀው ቅርጽ በከፊል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለሙያዎች ውሳኔ ነው፤ ይህ አንዳንዶችን ቅር ያሰኛል፣ እኔ ግን ባይጠገን ኖሮ የጡብ ክምር ብቻ ይቀር ነበር ባይ ነኝ። ዩኔስኮ በ2002 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

እኔን ከሁሉ በላይ ያቆመኝ ከሕንፃው በዕድሜ የሚበልጠው የአሸዋ ድንጋይ አጥር ነው፤ ከጥንቶቹ ምሰሶዎች ብዙዎቹ በከተማዋ ሙዚየም ስለሚገኙ፣ በግቢው ውስጥ የሚታዩት በከፊል ምትኮቻቸው ናቸው።